ዳግም የወደቀ ሰው ንስሐው ሐሰት ነበርን?

ምሥጢረ ንስሐን በሚመለከት ካህናትንም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ከሚያስጨንቁ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። አንድ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ፣ አልቅሶ፣ «ዳግመኛ አልመለስበትም» ብሎ ቃል ገብቶ ከሄደ በኋላ በሳምንቱ በዚያው ነገር ወድቆ ይመለሳል። ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይደጋገማል። እንግዲህ ጸጸቱ ከመጀመሪያው እውነተኛ ነበር ልንል እንችላለንን? ቤተ ክርስቲያን ለሥርየት የመታረም ቁርጥ ሐሳብን ትጠይቃለች። ቁርጥ ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ ቢያንስ ጥቂት መራመድ ያለበት ይመስለናል፤ አንድ እርምጃ እንኳ ካልተራመደ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም አልነበረም ብለን ለመደምደም እንቸኩላለን።

ይህ አስተሳሰብ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ በሥራ ውሎ ምን እንዳስከተለ ለማየት ወደ ቻይና እንሻገር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማርቆስ ጂ ቲያንሺያንግ በ1834 ዓ.ም. በሰሜን ቻይና፣ ዛሬ ሄበይ በሚባለው አውራጃ ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለደ። ሐኪም ነበረ፤ ድኾችንም ያለ ክፍያ ያክም እንደ ነበር ይነገርለታል። በጎልማሳነቱ ጽኑ የሆድ ሕመም ያዘው፤ ለማስታገሻም በዘመኑ የታወቀውን መድኃኒት፣ ኦፒየምን ወሰደ። ሕመሙ ሲለቀው ኦፒየሙ ግን አልለቀቀውም። ደጋግሞ ተናዘዘ፣ ደጋግሞም ወደቀ። በመጨረሻ የንስሐ አባቱ፣ ይህ ሰው ለመተው ሐሳብ የለውም ብለው ሥርየትን ከለከሉት። ከዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል ያለ ኑዛዜና ያለ ቅዱስ ቁርባን ኖረ። ጸሎቱን ግን አላቋረጠም፤ ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም አልተወም። ከሱሱ የሚያወጣው ሌላ መንገድ ስላልታየው እግዚአብሔር ሰማዕትነትን እንዲሰጠው ይለምን እንደ ነበር ይተረካል። በ1900 ዓ.ም. በቦክሰሮች ዐመፅ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ተይዞ እምነቱን እንዲክድ ቢጠየቅ እምቢ አለ። ከቤተ ሰቡ አንድም ሰው ብቻውን እንዳይሞት ብሎ እርሱ ከሁሉ በኋላ እንዲገደል መለመኑ፣ እስኪገደልም የእመቤታችንን ሊጣንያ መዘመሩ ይተረካል። ጥቅምት 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ከሌሎች የቻይና ሰማዕታት ጋር ቅድስናውን አወጁ። ከሱሱ መፈወሱን የሚናገር ትውፊት የለም።

የንስሐ አባቱን ለመኰነን አንቸኩል። በዘመናቸው ከነበረው ዕውቀት ተነሥተው፣ የተማሩትን ሥርዓት ጠብቀው ነው የፈረዱት። በእጃቸው ያልነበረው ነገር፣ ኦፒየም በሰው አካል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ ትምህርት ነበር። እኛ ዛሬ ያ ትምህርት አለን፤ ስለዚህም ፍርዳችን ከእርሳቸው ፍርድ የማይሻል ቢሆን የእኛ ተጠያቂነት የበለጠ ይሆናል።

ሞርፊንና ሄሮይን ከኦፒየም የሚገኙ ናቸው። ፌንታኒልና ሜታዶን በፋብሪካ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም በወገን ከእነዚሁ ይቆጠራል። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ኦፒዮይድ ይባላሉ። በ1973 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ እነዚህን ነገሮች የሚቀበል፣ ለቁልፍ እንደ ተበጀ ቀዳዳ ያለ ሥፍራ መኖሩን አረጋገጡ። ፈጣሪ ይህን ቀዳዳ ለኦፒየም አበባ ሲል እንዳላበጀው ግልጽ ነው። በ1975 ዓ.ም. በስኮትላንድ ከተማ በአበርዲን ጆን ሂዩዝና ሐንስ ኮስተርሊትዝ፣ አካላችን ራሱ የሚያመነጨውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አገኙ። ሰው በቈሰለ ወይም በደከመ ጊዜ ሕመሙን የሚያበርድለት ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ኦፒየም የሚገባው እንግዲህ በተሠራ በር ነው።

አካል ግን ሚዛኑን የሚጠብቅ ነው። በአንጎል ግንድ ውስጥ ንቃትን፣ የልብ ምትንና ላብን የሚቈጣጠር፣ ስሙም በላቲን «ሰማያዊ ሥፍራ» የተባለ ትንሽ ክፍል አለ። ኦፒዮይድ ይህን ክፍል ያደነዝዘዋል። አንጎልም ድንዛዜውን ለመቋቋም በየቀኑ ኃይሉን እየጨመረ ይገፋል፤ በመጨረሻም ከመድኃኒቱ ጋር ተገፋፍተው እኩል ይቆማሉ። አንድ ሰው በሙሉ ክብደቱ በር እየገፋ ሳለ በሩ በድንገት ቢከፈት ምን ይሆናል? ወደ ፊት ተወርውሮ ይወድቃል። መድኃኒቱ የተቋረጠበት አንጎልም እንዲሁ ነው። ሄሮይን ያቋረጠ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ማዛጋት ይጀምራል፤ ዐይኑና አፍንጫው ውኃ ያፈስሳሉ፤ ጠጕሩ ይቆማል፤ ላብና ብርድ ይፈራረቁበታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሆዱ ይታወካል፤ አጥንቱ ይቈረጣጠማል፤ እግሩ ዕረፍት ያጣል፤ እንቅልፍም ይርቀዋል። በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ይህ ይበርዳል። በ1978 ዓ.ም. ክሎኒዲን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ይህን ሥቃይ እንደሚያቀልል ታወቀ፤ የሚያረጋጋውም ያንኑ ሰማያዊ ሥፍራ ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት የምናየው የሰውዬው መንቀጥቀጥ የጠባይ ድክመት እንዳልሆነ፣ በትንፋሽ ማጠር ወይም በትኵሳት ልክ የሚታይ የአካል ነገር እንደ ሆነ መቀበል አለብን።

ይሁን እንጂ ነገሩ በሳምንት የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ጥያቄያችን ቀላል በሆነ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1935 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ለሱሰኞች የሚሆን ታላቅ ተቋም ከፍቶ ነበር። ግማሹ እስር ቤት፣ ግማሹ ሆስፒታል ነው፤ በዙሪያውም የእርሻ መሬት ነበረው። የመጡት ሰዎች ከሄሮይን ይጸዱ ነበር፤ ይሠሩ፣ ይበሉ፣ ይወፍሩም ነበር። ወደየከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ግን እጅግ የሚበዙት በዚያው ተገኙ። በዚያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኤብርሃም ዊክለር አንድ ነገር አስተዋለ። ለወራት ንጹሕ ሆኖ የኖረ ሰው ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ሲቃረብ፣ ወይም ስለ ሄሮይን ሲወራ ሲሰማ፣ ዐይኑ ያነባል፤ አፍንጫው ይፈስሳል፤ ሆዱም ይቈርጠዋል። መድኃኒቱ ከደሙ ከወጣ ቆይቷል፤ ሥፍራው ግን ሕመሙን ይጠራዋል። አባቶቻችን «የኃጢአት ቅርብ አጋጣሚ» ብለው ያስተማሩን በሥጋ ውስጥ እስከዚህ ድረስ የተጻፈ መሆኑን ማን ጠርጥሮ ነበር?

(ስለዚያ ተቋም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባንም። ለምርምሩ ራሳቸውን ያቀረቡ እስረኞች ዋጋቸው አንዳንድ ጊዜ ያው የሚያሠቃያቸው መድኃኒት ነበር። ሱሰኛን በሱሱ መክፈል ፈቃዱን መግዛት ነው፤ በፌዴራል እስረኞች ላይ ይደረግ የነበረው ይህ ምርምር በ1970ዎቹ መቆሙ ተገቢ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ዕውቀት ከፊሉ በዚህ መንገድ የተገኘ መሆኑን ልንረሳ አይገባም።)

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንድረስ። ብዙ ቤተ ሰቦች፣ ብዙ መልካም ክርስቲያኖችም፣ ሱሰኛን የሚረዱት በር ዘግተው በማስተው ነው። ሳምንቱ ሲያልፍ «ድኗል» ብለው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። በ2003 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር የታተመ አንድ ጥናት በሆስፒታል ተኝተው የማቋረጥ ሕክምና የወሰዱ 137 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። በዚያ ዓመት ከመጠን በላይ በመውሰድ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሦስቱም ሕክምናውን አቋርጠው ከወጡት ወገን አልነበሩም፤ በሚገባ ከጨረሱት ወገን ነበሩ። ቍጥሩ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። አካል መድኃኒቱን መልመዱን ሲተው፣ ቀድሞ የማይጎዳው መጠን አሁን ትንፋሹን ያቆመዋል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ብቻ አሠቃይቶና አጽድቶ ያለ ተከታታይ እርዳታ ወደ ቀድሞ መንደሩ የሚሰድ ሰው፣ ወደደም ጠላም ወንድሙን ለሞት አቅርቦታል።

በ1960ዎቹ በኒው ዮርክ ቪንሰንት ዶል የተባለ ሐኪምና በሌክሲንግተን ሠርታ የነበረችው ሐኪም ማሪ ናይስዋንደር ሌላ መንገድ ሞከሩ። በመጀመሪያ ለሕመምተኞቻቸው ሞርፊን ሰጡ፤ ሰዎቹም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚቀጥለውን መርፌ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ በአፍ የሚወሰደውንና ከአንድ ቀን በላይ በአካል ውስጥ የሚቆየውን ሜታዶንን ሰጧቸው። መውጣትና መውረዱ፣ መስከርና መንቀጥቀጡ ቀረ። አንዱ ሥዕል መሣል ጀመረ፤ ሌላው ትምህርት ልማር አለ። በ1965 ዓ.ም. የ22 ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተሙ። ኋላ ቡፕረኖርፊን የተባለው መድኃኒት ተጨመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 ዓ.ም. ሁለቱን በዋና ዋና መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አገባቸው።

«ይህ ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ወዲያው ይነሣል። ተቃውሞው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ2025 ዓ.ም. ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በሮም ለተሰበሰቡ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ሹማምንት ሲናገሩ፣ ዕፅን በዕፅ ማሸነፍ እንደማይቻል፣ ተተኪ መድኃኒቶችም በቂ ሕክምና እንዳልሆኑና የተሸፈነ እጅ መስጠት እንደሚሆኑ ተናግረዋል። ይህን ቃል ለማለሳለስ አንሻም። በየጠዋቱ በመስኮት ጽዋ እየተሰጠው፣ ስሙን የሚጠራው፣ ሥራ የሚፈልግለት፣ አብሮት የሚጸልይ ሰው የሌለው ምስኪን በእውነት ተትቷል፤ ቅዱስ አባታችንም ስለዚህ ሰው መቈጣታቸው እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በቂ አይደለም ማለት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ኃጢአቱን ቀጥሏል ማለት ሌላ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2291 አደንዛዥ ዕፅ መውሰድን ከባድ በደል ሲለው ለሕክምና የሚወሰደውን ለይቶ ነው። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሕመምተኛ ሕይወትን እንደሚጠብቅ መመርመር ደግሞ የሕክምና ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ማስረጃው ከባድ ሚዛን አለው። በ2017 ዓ.ም. የብዙ ሀገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ ከ120 ሺህ በላይ ሜታዶን የወሰዱ ሰዎችን የመረመረ ጽሑፍ ታትሟል። በሕክምናው ላይ ሳሉ በዓመት ከሺህ ሰዎች 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከሕክምናው ከወጡ በኋላ ግን የሟቾቹ ቍጥር 36 ያህል ይደርስ ነበር። ፈረንሳይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቡፕረኖርፊንን ተራ ሐኪሞች ሁሉ እንዲያዙት ከፈቀደች በኋላ ከመጠን በላይ በመውሰድ የሚሞቱት በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ቀነሱ። በአሜሪካ በ2022 ዓ.ም. ብቻ በኦፒዮይድ ምክንያት ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች መሞታቸውን ስናስብ፣ የሞተ ሰው ንስሐ ሊገባ እንደማይችል ማስታወስ ይበቃል። አንዳንዶች ሜታዶንን ለስኳር ሕመምተኛ ከሚሰጠው ኢንሱሊን ጋር ያነጻጽሩታል። ንጽጽሩ ለእኛ ጥቂት ያነክሳል፤ ስኳር ሕመም የያዘው ሰው ታርቆ የሚመለስበት የተቀየመ ቤተ ሰብ የለበትምና።

ነገር ግን ከአንዱ ስሕተት ሸሽተን በሌላው እንዳንወድቅ እንጠንቀቅ። «ሁሉም የአንጎል ነገር ነው፤ ፈቃድ የሚባል የለም» የሚለው አነጋገር ሱሰኛውን ከወቀሳ የሚያድነው ሰውነቱን በመንጠቅ ነው፤ ደግሞም እውነቱን አይገልጽም። በቬትናም ጦርነት መጨረሻ ላይ ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ወደ ሀገራቸው የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮችን አጠናች። ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት በቬትናም ሳሉ በሱስ የተያዙ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በተመለሱ በ10 ወራት ውስጥ እንደገና የሱስ ምርኮኛ የሆኑት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሌክሲንግተን ሰዎች ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ተመለሱ፤ ወታደሮቹ ግን ሱሱን በተዋወቁበት ሥፍራ ጥለውት፣ ወደ እናታቸው ቤት፣ ወደ እጮኛቸውና ወደ ሥራቸው ሄዱ። የሰው ፈቃድ አልሞተም፤ ነገር ግን ብቻውን በባዶ ሥፍራ አይቆምም። የሚደገፍበት ቤትና የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ቁምስና ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ቅዱስ አጎስጢኖስ በኑዛዜው ስምንተኛ መጽሐፍ የራሱን ነገር ሲመረምር፣ ፈቃድ ልማድን፣ ልማድም ግድን እንዴት እንደሚወልድ እንደ ሰንሰለት ቀለበት አያይዞ አሳይቶናል፤ ሰማያዊውን ሥፍራ ሳያውቅ ነገሩን አውቆታል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 7 የሚወደውን መልካም ነገር ለማድረግ የሚያቅተውን ሰው ትግል ጽፎልናል፤ ያን ሰውም ግብዝ አላለውም። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፋችን በቍጥር 1735 ልማድና ሥርዓት የለሽ ቍራኛነት የአንድን ሥራ ተጠያቂነት ሊቀንሱ፣ አልፎ አልፎም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ ያስተምራል። ይህ ማለት ክፉው ሥራ መልካም ሆነ ማለት አይደለም፤ ሰውዬው የቈመበት ቦታ ተለካ ማለት ነው። ሱሱ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን ጋር ዛሬ ያለበትን ቀን አንድ አድርገን ልንፈርድ አንችልም። የጂ ቲያንሺያንግ የመጀመሪያ ቀን ደግሞ የሆድ ሕመም መድኃኒት ነበር።

ስለ ቁርጥ ሐሳብ ግን ግልጹን ቃል የሰጡን ራሳቸው ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናቸው። በመጋቢት 1996 ዓ.ም. ለካርዲናል ዊልያም ባውም በላኩት ደብዳቤ እንዳስረዱት፣ ተናዛዡ ካለፈው ልምዱ ተነሥቶ እንደገና እወድቃለሁ ብሎ ቢፈራ፣ ይህ ፍርሃት የሐሳቡን እውነተኛነት አያጠፋም፤ የሚፈለገው ፍርሃቱ የሚቻለውን ሁሉ ከማድረግ ፈቃድና ከጸሎት ጋር መሆኑ ነው። ሐሳብ የሚኖረው በፈቃድ ነው፤ እወድቃለሁ የሚለው ግምት ግን በእውቀት ነው። ሐኪሙ ስለ ሕመምተኛው የሚገምተው ነገር የሕመምተኛው ምኞት እንዳልሆነ ሁሉ ሱሰኛው ስለ ራሱ የሚፈራው ነገርም ፈቃዱ አይደለም። እንግዲህ ከሱሰኛ የምንጠይቀው የሚቻለውን ነው፤ የሚቻለው ደግሞ ዛሬ ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም መሄድ፣ መድኃኒቱን በታዘዘው መጠን መውሰድ፣ ሰፈርና ባልንጀራ መለወጥ ነው። ሳይታከም በፈቃዱ ብርታት ብቻ እንዲተው መጠየቅ ጥብቅነት መስሎ ይታያል እንጂ ከሚቻለው ማዶ ያለውን መጠየቅ ነው። ቅዱስ አልፎንሶ ሊጎሪ እጅግ ጥብቅ ከሆኑትም እጅግ ልል ከሆኑትም ርቆ የሄደው ይህን በመሰለ ነገር ነበር፤ ፒዮስ 12ኛ በ1950 ዓ.ም. የአናዛዦች ጠባቂ አድርገው የሰየሙት ያለ ነገር አልነበረም።

ፍርሃታችን ወደ ሌላ ጥፋት እንዳይወስደንም አንድ ቃል እንጨምር። ሱስን በመፍራት በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው ሞርፊን መከልከል ርኅራኄም ጥበብም አይደለም። ያው ፒዮስ 12ኛ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ለሐኪሞች ሲመልሱ የጽኑ ሕመምተኛን ሥቃይ በመድኃኒት ማስታገሥ የተፈቀደ መሆኑን ገልጠዋል። የሚወገዘው ትራማዶልንም ሆነ ሌላውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለመደንዘዝ መውሰድ ነው።

በተለይ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሊቀርብ ስለሚችል አንድ ጥያቄ ተናግረን እናብቃ። ሜታዶንን የመሰለ መድኃኒት በየጠዋቱ የሚወስድ ሰው፣ ተናዝዞና ታርቆ ለቅዱስ ቁርባን ሲዘጋጅ፣ መድኃኒቱ ጾመ ቍርባንን ይሽርብኝ ይሆን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ ቍጥር 919 ከቍርባን በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት መጾምን ሲያዝ ውኃንና መድኃኒትን አውጥቶ ነው፤ ስለዚህ አይሽርም። በግዕዝ ሥርዓት ያሉ ምእመናን የየራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ጾም ስለሚከተሉ፣ መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ነግረው አስቀድመው ቆሞሳቸውን ይጠይቁ።